ባላንጣውን ያልመዘነ ደጋፊ ቡድኑንም አያውቅም

መጪው እንቁጣጣሽ የሚውለው ሐሙስ ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11። በዚያው ማታ የዋሽንግተኑ ኮማንደርስ ግሪን ቤይ ድረስ ሄዶ ከፓከርስ ጋር ይጫወታል። ከዚያ በፊት ባለው እሑድ ደግሞ በሜዳው የኒውዮርኩን ጃይንትስ ያስተናግዳል። እዚህ ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለምንኖርና የአሜሪካን ፉትቦል ለምንከታተል ኢትዮጵያውያን ዘንድሮ አዲሱ ዓመትና አዲሱ የውድድር ዘመን እጅ ለእጅ ተያይዘው መጥተዋል።

ፉትቦል ስል እግር ብዙም የማይነካትን ሞላላ ኳስ ማለቴ ነው። «አርሰናልና ማንቼ እያሉ ይሄ ምን ያደርጋል?» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው። አርሰናልን የምንደግፈው በቴሌቪዥን ነው። የዋሽንግተን ቡድን ግን ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስንገባ፣ ልጆቻችንን ትምህርት ቤት ስናደርስ፣ ታክሲ ስንነዳና መኪና ማቆሚያ ውስጥ ስንሠራ በየሰዉ አፍ የምናገኘው ነው። ማሸነፉም መሸነፉም የከተማውን ፊት ይለውጠዋል። በምትኖርበት ከተማ ሰው የሚደሰትበትንና የሚያዝንበትን ነገር ማወቅ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዛሬ የምጽፈው ግን ቡድኔን ለማሞገስ አይደለም። ስለ ባላንጣዎቹ ነው። ባለፈው ዓመት ያልታሰበ ድል ካገኘን ወዲህ በየካፌው የምሰማው ወሬ አንድ ዓይነት ሆኗል፤ «ዘንድሮ ሱፐር ቦውል ነው!»። ፊላዴልፊያ በለስ የቀናው፣ ዳላስ የፈረሰ፣ ኒውዮርክ ደግሞ ከቁጥር የማይገባ ተደርጎ ይወራል። እኔ በዚህ አልስማማም። ክርክሬ ይኼ ነው፤ ባላንጣህን በሐቅ ካልመዘንክ የራስህን ቡድን ልክ የምታውቅበት ምንም ሚዛን የለህም።

ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ኤንኤፍኤል 32 ቡድኖች አሉት። በስምንት ዲቪዚዮን፣ አራት አራት ሆነው ተከፍለዋል። እያንዳንዱ ቡድን በመደበኛው ውድድር 17 ጨዋታ ሲያደርግ፣ ስድስቱ ከራሱ ዲቪዚዮን ጎረቤቶች ጋር ናቸው፤ ከእያንዳንዳቸው ጋር አንዴ በሜዳው፣ አንዴ ከሜዳው ውጪ። ዋሽንግተን ያለበት ኤንኤፍሲ ምሥራቅ ይባላል። ጎረቤቶቹ የፊላዴልፊያው ኢግልስ፣ የዳላሱ ካውቦይስና የኒውዮርኩ ጃይንትስ ናቸው። የጊዮርጊስንና የቡናን ፍጥጫ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ጎረቤት ላይ የተገኘ ድል ከሩቅ ሰው ላይ ከተገኘው ይጣፍጣል፤ ሽንፈቱም የዚያኑ ያህል ይመራል።

አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። በእኛ ፕሪሚየር ሊግ መጨረሻ የወጣ ይወርዳል። እዚህ መውረድ የለም፤ እንዲያውም የተሸነፈ ይካሳል። በየሚያዝያው ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾች ሲመረጡ ደካማው ቡድን ቀድሞ ይመርጣል። ለተጫዋቾች የሚከፈለው ደመወዝም ጣሪያ አለው፤ ለ2025 የተወሰነው 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሀብታም ስለሆንክ ብቻ ኮከቦችን ሁሉ መሰብሰብ አትችልም። የዚህ ውጤት ምን መሰላችሁ? በዚህ ሊግ ውስጥ ጎረቤትህን ንቀህ የምትኖርበት ጊዜ አጭር ነው። ዛሬ ጭራ የሆነው ከሁለት ዓመት በኋላ አናትህ ላይ ይወጣል። ለዚህ ከእኛው ቡድን የተሻለ ምስክር የለም። በ2023 አራት አሸንፎ 13 ተሸነፈ። በዚያ ውድቀት ምክንያት ሁለተኛውን የመምረጥ ዕድል አገኘና ጄይደን ዳንኤልስን ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት 12 አሸንፎ አምስት ብቻ ተሸነፈ።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። በሙያችን አንድ ሲስተም ትናንት ስላልወደቀ ነገም አይወድቅም ብሎ የሚፈርም ሰው የለም። ለምን እንዳልወደቀ ይጠየቃል። ቡድን ስመዝንም ሦስት ጥያቄዎችን እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ፊት ለፊት የሚፋለሙት ግዙፎች እነማን ናቸው? ኳስ ያዡና ሯጩ በቴሌቪዥን ይታያሉ፤ ጨዋታውን የሚወስኑት ግን ብዙ ጊዜ በሁለቱም በኩል መስመር ላይ የሚጋፉት ናቸው። ዋሽንግተን ራሱ በአሠልጣኝ ጆ ጊብስ ዘመን በ1982፣ በ1987 እና በ1991 የውድድር ዘመናት ሦስት ሱፐር ቦውል ሲያነሣ በሦስት የተለያዩ ኳርተርባኮች ነበር። ሁለተኛ፣ በክረምቱ ማን ሄደ፣ በማንስ ተተካ? ሦስተኛ፣ ካለፈው ዓመት ውጤት ውስጥ ስንቱ ችሎታ፣ ስንቱ ዕድል ነበር? ሦስተኛዋን ጥያቄ ደጋፊ አይወዳትም። እኔ ግን ለባላንጣም ለራሴም እኩል እጠይቃታለሁ።

ከፊላዴልፊያ ልጀምር። ኢግልስ ባለፈው ዓመት በመደበኛው ውድድር 14 አሸንፎ ሦስት ተሸነፈ። በሱፐር ቦውል የካንሳስ ሲቲውን ቺፍስ 40 ለ 22 ረታ። ወደዚያ የሄደው ደግሞ በእኛ ላይ ተረማምዶ ነው፤ በኮንፈረንሱ ፍጻሜ 55 ለ 23። ያን ዕለት ሳኩዋን ባርክሌይ ቡድኑ ኳስ በያዘበት የመጀመሪያ ሙከራ 60 ያርድ ሮጦ ተችዳውን አስቆጠረ። ፊላዴልፊያ በእግር ሩጫ ብቻ ሰባት ተችዳውን አገባብን። «አራት ጊዜ ኳስ ባንጥል ኖሮ» የሚል ሰው አለ። እውነት ነው፣ ጥለናል። ግን ኳሱን የነጠቁን እነሱ ናቸው፤ ራሱ ከእጃችን አልወደቀም።

ዘንድሮስ? ፊላዴልፊያ የሄደበት ሰው ብዙ ነው። የማጥቃት አሠልጣኙ ኬለን ሙር የኒው ኦርሊንስ ዋና አሠልጣኝ ሆኗል። ከመከላከሉ ጆሽ ስዌት፣ ሚልተን ዊልያምስ፣ ዳሪየስ ስሌይና ጋርድነር ጆንሰን ሄደዋል። ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ነገር ግን የመከላከል አሠልጣኙ ቪክ ፋንጂዮ እዚያው ነው። ጄለን ካርተር እዚያው ነው። ሌን ጆንሰንና ጆርዳን ማይላታ የሚመሩት መስመርም ከአንድ ሰው በቀር እንዳለ ነው። ባርክሌይ ባለፈው ዓመት በመደበኛው ውድድር 2,005 ያርድ ሮጧል፤ በሊጉ ታሪክ ከ2,000 ያለፉት ጥቂቶች ናቸው። ያን ያህል የሮጠ እግር በቀጣዩ ዓመት ይደክማል የሚለው ክርክር ሚዛን ይደፋል፤ እኔም ቁጥሩ ይቀንሳል ብዬ እጠብቃለሁ። ቢቀንስም እንኳ ከእኛ ይበልጣል።

አንድ ያርድ ሲቀራቸው ተደራርበው ኳርተርባካቸውን ከኋላ የሚገፉባት ዘዴም አለች። የእኛ ሰዎች «ማጭበርበር ነው» ይሏታል። ባለፈው ግንቦት የቡድን ባለቤቶች ሊያግዷት ድምፅ ሰጡ፤ 24 ድምፅ ያስፈልግ ነበር፣ 22 ብቻ ተገኘ። እንግዲህ ሕጉ ለ32ቱም ክፍት ነው። ሌሎቹም ሞክረዋታል፤ እንደ ፊላዴልፊያ የተሳካለት የለም። የጎረቤትን ሙያ ስም ስላወጣንለት ሙያነቱ አይቀርም።

በዲቪዚዮናችን አንድ የታወቀ ነገር አለ፤ ከ2004 ወዲህ እስከ 2024 ድረስ ሁለት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈ ቡድን አልነበረም። «ስለዚህ ዘንድሮ ፊላዴልፊያ አይደለም» ብሎ የሚከራከር አያጣም። ሃያ ዓመት ረጅም ነው፣ ይገባኛል። ግን ይህ ታሪክ እንጂ ምክንያት አይደለም። ሳንቲም አምስት ጊዜ ጎፈር ስለወጣ ስድስተኛው ዘውድ ይሆናል አይባልም። ፊላዴልፊያ እንዳይደግም የሚያደርገው የሚበልጠው ቡድን መምጣቱ ብቻ ነው። ያ ቡድን እኛ ነን ወይ? እመለስበታለሁ።

ዳላስን እንይ። ካውቦይስ በፎርብስ ግምት ዋጋው ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ በዓለም ውዱ የስፖርት ቡድን ይባላል። ሆኖም ከ1995 የውድድር ዘመን ወዲህ ሱፐር ቦውል ቀርቶ የኮንፈረንስ ፍጻሜ እንኳ አልደረሰም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ማይካ ፓርሰንስን ለግሪን ቤይ ሰጠ። በአራት ዓመት ውስጥ 52.5 ጊዜ የተጋጣሚ ኳርተርባክ የጣለ፣ ገና 26 ዓመቱ የሆነ ተጫዋች! በምትኩ የተገኙት ሁለት የአንደኛ ዙር ምርጫዎችና ኬኒ ክላርክ ናቸው። ባለቤቱ ጄሪ ጆንስ በድርድሩ ወቅት የተጫዋቹን ወኪል ወደ ጎን አድርገው ራሳቸው ለመጨረስ ሞክረው ነበር፤ ነገሩ ከረረና በሽያጭ አለቀ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ይህን የሰማ የዋሽንግተን ደጋፊ ሁሉ ጨፈረ። እኔ ጭፈራውን ትንሽ ላቀዝቅዘው። አንደኛ፣ እንቁጣጣሽ ማታ የምንገጥመው ግሪን ቤይን ነው፤ ፓርሰንስን ከዳላስ ቀድመን እኛ ልናገኘው እንችላለን። ሁለተኛ፣ ዳላስ ባለፈው ዓመት 7 አሸንፎ 10 የተሸነፈው ኳርተርባኩ ዳክ ፕረስኮት ከስምንት ጨዋታ በኋላ ተጎድቶ ወጥቶ ነው። እሱ በ2023 ለሊጉ ምርጥ ተጫዋችነት በተሰጠው ድምፅ ሁለተኛ የወጣ ሰው ነው፤ አሁን ተመልሷል። ሲዲ ላምብ አለ፤ ጆርጅ ፒከንስ ከፒትስበርግ መጥቶለታል። እንዲህ ያለ ማጥቃት ያለው ቡድን መከላከሉ ቢላላ እንኳ 35 ነጥብ አስቆጥሮ ሊያሸንፍህ ይችላል። ሦስተኛ፣ ባለፈው ኖቬምበር ያን የቆሰለ ዳላስ በሜዳችን ገጥመን 34 ለ 26 የተሸነፍነው እኛ ነን። ያለ ፕረስኮት ያሸነፈን ቡድን ከፕረስኮት ጋር ሲመጣ መናቅ ምን ይባላል? የአንበሳው እርጅና እውነት ነው። ክርኑ ግን ገና አልወለቀም።

ጃይንትስ ባለፈው ዓመት ሦስት አሸንፎ 14 ተሸነፈ። ከዚያ በፊት የሠሩት ስሕተት የታወቀ ነው። በ2024 መጀመሪያ ባርክሌይን ለቀቁት፤ ፊላዴልፊያ አነሣው። የቡድኑ ባለቤት ጆን ማራ ባርክሌይ ፊላዴልፊያ ከሄደ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው ሲናገሩ በቴሌቪዥን ታይተዋል። ሄደ፤ በዓመቱም ዋንጫ አነሣ። የዲቪዚዮን ባላንጣ ከሌላው ተጋጣሚ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የጣልከው ሰው በሩቅ አይጠፋም፤ በዓመት ሁለቴ በርህን ያንኳኳል።

ግን የዘንድሮውን መከላከላቸውን እዩት። ዴክስተር ሎረንስ መሐል ላይ አለ። ብራያን በርንስና ኬይቮን ቲቦዶ ዳር ላይ አሉ። በዚህ ላይ በሦስተኛ ምርጫ አብዱል ካርተርን ጨመሩ። አራት እንዲህ ያሉ ሰዎች በአንድ መስመር ያሉት ቡድን በሊጉ ውስጥ በጣት ይቆጠራል። ራሰል ዊልሰን የዱሮው ራሰል አይደለም፤ ሆኖም ባለፈው ዓመት ከነበራቸው ይሻላል። ከጀርባው ወጣቱ ጃክሰን ዳርት አለ። ማሊክ ኔበርስ በመጀመሪያ ዓመቱ 109 ኳስ ተቀብሏል፤ ያንንም ያደረገው ኳስ አቀባይ ሲቀያየርበት ነው። ፕሮግራማቸው ከባድ ስለሆነ ብዙ ያሸንፋሉ አልልም። ግን ባለፈው ዓመት ሁለቴ ያሸነፍናቸው 21 ለ 18 እና 27 ለ 22 ነበር። በመጀመሪያው ጨዋታ ተችዳውን ሳናገባ በሰባት የእግር ምት ነው የወጣነው። የሦስት ነጥብና የአምስት ነጥብ ልዩነት «ከቁጥር አይገቡም» አያሰኝም።

አሁን ወደ ራሳችን። ሚዛኑ ለሰው ከሠራ ለእኛም መሥራት አለበት።

ደግ ደጉን ላስቀድም። ጄይደን ዳንኤልስ በመጀመሪያ ዓመቱ 3,568 ያርድ ኳስ አቀብሎ 891 ያርድ ሮጧል፤ የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ ተብሏል። አሠልጣኝ ዳን ክዊንና ሥራ አስኪያጁ አዳም ፒተርስ የተበተነ ቤት ሰብስበዋል። ላረሚ ታንሰልን ከሂውስተን፣ ዲቦ ሳሙኤልን ከሳን ፍራንሲስኮ አመጡ። ቴሪ መክሎረንም ከረጅም ጭቅጭቅ በኋላ ባለፈው ሳምንት ፈረመ። ከቀድሞው ባለቤት ዘመን ለወጣ ሰው ይህ ሁሉ እንደ ሕልም ነው። ቡድኑ በ2023 በ6.05 ቢሊዮን ዶላር ሲሸጥ የከተማው ሰው የተነፈሰውን እፎይታ እዚህ የነበረ ያውቀዋል።

ቀጥሎ ሦስተኛዋ ጥያቄ። ከ12ቱ ድሎቻችን ስምንቱ በስምንት ነጥብ ወይም ከዚያ ባነሰ ልዩነት የተገኙ ናቸው፤ ማለትም በአንድ ተችዳውን ሊገለበጡ ይችሉ ነበር። ቺካጎን ያሸነፍነው ሰዓቱ አልቆ በአየር ላይ በነበረች ኳስ ነው። 52 ያርድ ተወርውራ፣ በሰው እጅ ተነክታ፣ ኖዋ ብራውን ጋ ወደቀች። ፊላዴልፊያን 36 ለ 33 የረታነው ሰከንዶች ሲቀሩ ነው፤ ያውም ጄለን ኸርትስ ገና በመጀመሪያው ሩብ ተጎድቶ ወጥቶ። ዳላስን በመጨረሻው ጨዋታ 23 ለ 19 ያሸነፍነው ሦስት ሰከንድ ሲቀር ነው። በአራተኛው ሙከራ «እንሞክረው» ባልንባቸው 23 አጋጣሚዎች 20ው ተሳክተዋል። በዚህ ሊግ እንዲህ ያለ ቁጥር ዓመት ዓመት አይደገምም።

«ዕድል ነበር» ማለቴ አይደለም። ቅርብ ጨዋታን በእርጋታ የሚጨርስ ኳርተርባክ መኖሩ ራሱ ችሎታ ነው። ግን ከ87 በመቶ ስኬት ላይ ተነሥቶ «ዘንድሮ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል» ማለት ስሌት አይሆንም። ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም ይላሉ አባቶች።

ሌላም አለ። የእግር ሩጫን በመከላከል ከሊጉ ደካሞች አንዱ ነበርን፤ 55 ለ 23 ያንን ነው የነገረን። ዳንቴ ፋውለር ባለፈው ዓመት ከማንም በላይ የተጋጣሚ ኳርተርባክ የጣለልን ነበር፤ አሁን ወደ ዳላስ ተመልሷል። ቦቢ ዋግነር 35፣ ዛክ ኧርትስ 34፣ አዲስ የመጣው ቮን ሚለር 36 ዓመታቸው ነው። ልምድ ወርቅ ነው፤ በዲሴምበር ብርድ ግን ጉልበት የሚጠይቀው ሌላ ነው።

በሁለተኛ ዓመት ኳርተርባክ ላይ የሚመጣውም ፈተና አለ። ክረምቱን ሙሉ 31 ቡድን ቪዲዮውን ሲያጠና ከርሟል። የሂውስተኑ ሲጄ ስትራውድ በመጀመሪያ ዓመቱ አምስት ጊዜ ብቻ ኳስ ተነጥቆ ነበር፤ በሁለተኛው 12 ጊዜ ተነጠቀ። ለዋሽንግተን ሰው ደግሞ የሩቅ ምሳሌ አያስፈልገውም። በ2012 ሮበርት ግሪፊን የተባለ ወጣት መጥቶ ዲቪዚዮኑን አሸነፈልን፤ በፕሌይኦፉ ጉልበቱ ተጎዳ፤ በቀጣዩ ዓመት ሦስት አሸንፈን 13 ተሸነፍን። ዳንኤልስ ግሪፊን ነው አላልኩም። ከዚያ ዘመን አመራር የዛሬው ብዙ ይሻላል። ግን እንደ እሱ የሚሮጥ ኳርተርባክ አንድ ክፉ ምት ብቻ እንደሚበቃው ማስታወስ ሟርት አይደለም።

እንግዲህ ሚዛኔን ላስቀምጥ፤ በጥር ወር ልትጠይቁኝ ትችላላችሁ። ፊላዴልፊያ 12 ያሸንፋል፣ አንደኛ። ዋሽንግተን 10፣ ሁለተኛ፤ ፕሌይኦፍ ይገባል። ዳላስ ስምንት፣ ኒውዮርክ ስድስት። ዲቪዚዮኑን ልናሸንፍ የምንችልበት መንገድ አንድ ነው፤ የእግር ሩጫ መከላከላችን ከተስተካከለ። ይህ መስተካከሉን የምናውቀው በመክፈቻው አይደለም። ዲሴምበር 20 ፊላዴልፊያ ወደ እኛ ሲመጣ፣ ጃኑዋሪ 4 ደግሞ እኛ ወደ እነሱ ስንሄድ ነው። በመሐል በገና ዕለት ዳላስ ሜዳችን ላይ አለ። አውሮፓ ላላችሁ ደግሞ ኖቬምበር 16 ማድሪድ በርናቤው ላይ ከማያሚ ጋር እንጫወታለን፤ ቅርባችሁ ነው፣ እንዳያመልጣችሁ።

«አንተ ደጋፊ ነህ ወይስ ኦዲተር?» የሚለኝ ጓደኛ አለኝ። ክርክሩ ዋጋ አለው። ደጋፊነት ፍቅር ነው፤ ፍቅር ደግሞ ሂሳብ አይሠራም ይላል። ሁሉም እንደኔ ቢሰላ ስታዲየሙ ቀብር ቤት ይመስል ነበር። ይሁን፤ እሑድ ከሰዓት ጨዋታው ሲጀመር እኔም ሂሳቤን አጥፌ እጮኻለሁ። ነገር ግን ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ያለው ወር የመመዘኛ ጊዜ ነው። «ፊላዴልፊያ ባዶ ነው» ብሎ የገባ ደጋፊ ሲሸነፍ ሁለት መንገድ ብቻ ይቀረዋል፤ ወይ ዳኛውን መርገም፣ ወይ የራሱን ልጆች «የማይረቡ» ብሎ መክዳት። ባላንጣው ጠንካራ መሆኑን ያመነ ግን ሲያሸንፍ ድሉ ትርጉም አለው፤ ሲሸነፍም ቡድኑን አይጠላም። ባላንጣህን ስታራክስ የምታራክሰው የራስህን ድል ጭምር ነው።

ባላንጣ ደግሞ ጠላት አይደለም። ይህን የኤንኤፍኤል የገንዘብ አሠራር ራሱ ይናገራል። በሜዳ ላይ የሚሰባበሩት አራቱ ጎረቤቶች ከሜዳ ውጪ ሸሪኮች ናቸው። ከቴሌቪዥን ኮንትራትና ከመሳሰለው የሚገባው አገር አቀፍ ገቢ ለ32ቱ እኩል ይከፈላል፤ ለእያንዳንዳቸው በዓመት ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይደርሳል። ዳላስ ሲደምቅ ኒውዮርክም ይበላል። ፊላዴልፊያ ጠንካራ ሲሆን የእኛም ጨዋታ ይታያል፣ ይሸጣል። ባላንጣህ ከጠፋ ሊጉም የለም።

ይህን ለእኛ ለስደተኞቹ ማለት የፈለግኩበት ምክንያት አለኝ። ከ1984 ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ የእግር ኳስ በዓል የምናዘጋጅ ሕዝብ ነን። ቡድን መመሥረት፣ ማልያ መልበስ፣ ከከተማ ከተማ ተጉዞ መደገፍ እናውቅበታለን። የሚቸግረን ሌላ ነገር ነው። በጠረጴዛ ዙሪያ ስንቀመጥ ከእኛ ወገን ያልሆነ ሰው ስለሠራው መልካም ነገር አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናግረን መጨረስ ያቅተናል። ካመሰገንን «ዞረ» እንባላለን። የራሳችንን ጉድለት ከተናገርን «ለእነሱ መሣሪያ አቀበለ» እንባላለን። በዚህ መሐል የሚጠፋው እውነቱ ነው። የራሱን ጉድለት መስማት ያቃተው ቡድን ደግሞ ጉድለቱን የሚነግረው ባላንጣው ነው፤ 55 ለ 23 አድርጎ።

ኳስ ትንሽ ነገር ናት፤ ፖለቲካችንን አታድንም። ግን ልምምድ ናት። ልጄ «አባዬ፣ ማን ይበልጣል?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ዛሬ ፊላዴልፊያ ይበልጣል፤ እኔ ግን የዋሽንግተን ነኝ» እለዋለሁ። ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች አብረው እውነት ሊሆኑ እንደሚችሉ ገና በልጅነቱ ቢያውቅ እወዳለሁ። አንድ ቡድን የእኔ ነው ለማለት ከሁሉ የሚበልጥ መሆን የለበትም።

የፊታችን ሐሙስ ዳላስና ፊላዴልፊያ ውድድሩን ይከፍቱታል። እኛ እሑድ በዋሽንግተን አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት እንጀምራለን፤ አዲስ አበባ ምሽት 2 ሰዓት ይሆናል፣ ዱባይ ምሽት 3። የእንቁጣጣሹ ጨዋታ ግን ለባሕረ ሰላጤ ሰዎች ሌሊት ነው፤ ሪያድ 9 ሰዓት ከሩብ፣ ዱባይ 10 ሰዓት ከሩብ። ለሥራ ማልዶ የሚነሣ ካለ ቡናውን አፍልቶ መጨረሻውን ይደርስበታል። የአብዱል ካርተርን ፍጥነት እዩ። ሳኩዋን ሲሮጥ እዩ። ፓርሰንስ በአረንጓዴ ማልያ ምን እንደሚያደርግ እዩ። ጥሩ ሲጫወቱ ጥሩ ነው በሉ። ከዚያ ለዋሽንግተን እስኪደክማችሁ ጩኹ።

መልካም አዲስ ዓመት! መልካም የውድድር ዘመን!